በሎሚና በጨው የታሸው ቀለበት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ወሬውን ተዉት። የዛሬዋ ልጅ ዕድሜዋ ዘጠኝ ነው። እግሮቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ «ጭራሮ» ይላታል። ከእናቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ አልጋቸውም እዚያው አጠገቡ።

አባቷ አንጥረኛ ነበር፤ ሞቷል። ከእሱ የቀረ ነገር ቢኖር በገዛ እጁ ለእናቷ የሠራው የጋብቻ ቀለበት ብቻ ነው።

እናቷ ጌጦቿን እንደየጠባያቸው ትይዛለች። የመዳብ አምባሯን በሎሚና በጨው ታሸዋለች፤ ቦግ ይላል። የብር ሐብሏን በለስላሳ ጨርቅ ወልውላ፣ እንዳይጠቁር ለብቻው ትጠቀልለዋለች። ቀለበቱን ግን ውሃ እንኳ አታስነካውም። እፍ ትልበትና በጥጥ ዳበስ ታደርገዋለች፤ በቃ።

«አምባሩን አንቺ አጽጂልኝ። ቀለበቱን ግን እንዳትነኪ፤ አደራ!» ትላታለች።

አንድ ቀን ጭራሮ ለጎረቤቷ ልጅ ጉራዋን ነፋች። «የእማዬ ቀለበት ንጹሕ ወርቅ ነው!»

«ታዲያ ምነው እንደ እንቁላል ትሳሳለታለች? ወርቅ ምን ያስፈራዋል?» ብላ ልጅቷ ሳቀችባት።

ጭራሮ ተቃጠለች። በማግስቱ እናቷ ቀለበቱን አውልቃ በጥጥ ጠቅልላ፣ ግቢ ልብስ ስታጥብ፣ ጭራሮ ከጥጡ ውስጥ አወጣችው። «አምባሩ እንዲያ ካበራ ይሄማ ፀሐይ ነው የሚሆነው!» ብላ በሎሚና በጨው ፈተገችው። ወይ ጣጣ! ቢጫው ለቀቀ። ከሥሩ ቀይ መዳብ ብቅ አለ። መልሳ በጥጡ ጠቀለለችው። እስቲ አሁን ሮጣ ብትናገር ምን ነበረበት?

እናቷ ልብሱን አስጥታ ገባችና ጥጡን ገለጠች። ቀለበቱን እንደያዘች አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«ወይ እኔ! ሳሙና በነካው እጄ ይዤው ነው። አንድ ነገር ቢተውልኝ እሱንም አጠፋሁት!» እያለች ደረቷን ደቃች። ጭራሮ ጥግ ቆማ ሰማች።

ከሰዓት በኋላ እናቷ የአባቷ የሥራ ጓደኛ ወደነበረው አንጥረኛ ይዛት ሄደች። ሰውየው ቀለበቱን አገላብጦ አየው።

«እንደገና ወርቅ ልቀባው እችላለሁ፣ እህቴ። የኔ እጅ ግን የሱ እጅ አይሆንም።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ። «መዳብ መሆኑን ያኔውኑ ነግሮኛል። ያችን ስስ ወርቅ የቀባት እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ አቅም አልነበረውም። ያልጠበቅኋት እኔ ነኝ፣ እኔ!»

ጭራሮ አልቻለችም። «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም! በጨው የፈተግኩት እኔ ነኝ!» ብላ እናቷ እግር ላይ ወደቀች።

እናቷ ጎንበስ ብላ አነሣቻት።

«ልጄ ነሽ፤ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ዛሬ ግን አታባብዪኝ። ተዪኝ ላልቅስ።»

«ከዚያስ ቀለበቱ ዳነ?» ልትሉኝ ነው አይደል? አልዳነም። እግዚአብሔር ይቅር ይላል፤ እናትም ይቅር ትላለች። ያቺ ወርቅ ግን ሄደች። እናቷ ሌላ ሰው እንዲቀባው እንቢ ብላ መዳቡን እንዳለ አጠለቀችው፤ ጣቷን አረንጓዴ ያደርግባታል። አንድም ቀን ነገሩን አንስታባት አታውቅም። ጭራሮ ግን ያንን ጣት ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ልጆቼ፣ ለጉራ ብላችሁ የተከለከላችሁትን አትንኩ፤ ካጠፋችሁም ሌላው በእናንተ ጥፋት ራሱን ሳይወቅስ ቶሎ ተናገሩ።