በአቶ ይገዙ ደጃፍ የተነጠፈው ድንጋይ

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የጉለሌን ሰው እስከ ረፋድ ጋቢ ባላስጣለበት ሰሞን፣ ከአዲሱ ገበያ በስተጀርባ ላለው ጭቃማ መንደር ኮብልስቶን ሊነጠፍለት ነው ተባለ፤ መንደርተኛውም እልል አለ። እልል ያላለችው ሚልካ ይገዙ ብቻ ነበረች።

ሚልካ በታሪክ ትምህርት ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ብዙ ተንከራታለች፤ ማስታወቂያው ሁሉ «የሥራ ልምድ» ይላል፤ ልምዱን ከየት ታምጣው? በመጨረሻ መሮና መዶሻ ይዛ ከድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበር ገባች። ይህን አባቷ አያውቁም። ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የፈጁት የእድሩ ዳኛ አቶ ይገዙ፣ ለምረቃዋ በግ ጥለው መንደሩን ጠርተዋል፤ ጋዋን የለበሰችበትን ፎቶግራፍ ከሥዕለ ማርያም ጎን ሰቅለዋል፤ «ልጄ ቢሮ ገባች» ብለውም በእድሩ ፊት አፋቸውን ሞልተው ተናግረዋል። እሷም ጠዋት በታኮ ጫማ ትወጣለች፤ ከማኅበሩ ግቢ ስትደርስ ቡትስ ታጠልቃለች። ምን ታድርግ! የአባቷ ጡረታ ወር አያደርስም፤ የቤቱ አስቤዛ በእሷ ክንድ ነው የቆመው።

የመንደሯ መንገድ መነጠፍ በሚጀምርበት ዋዜማ ወደ ማኅበሩ አለቃ ወደ አቶ ስለሺ ቀረበች።

«ጋሽ ስለሺ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፤ ነገ ሌላ ሰፈር ይመድቡኝ። የነገው ሥራ አባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ነው።»

ስለሺ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል እንጂ። «እህቴ፣ በሩ ላይ የተኮለኮለውን አይተሽዋል? ግማሹ እንዳንቺ ዲግሪ አለው፤ ባነሰ ክፍያ ዛሬውኑ ልግባ ይለኛል። ከቀረሽ ቦታሽን አልጠብቅልሽም፤ በቃ።»

በማግስቱ ሻሿን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ በገዛ አባቷ ደጃፍ ተንበርክካ ድንጋይ ስትደረድር፣ አቶ ይገዙ ውኃ በጆግ ይዘው ብቅ አሉ።

«እግዚአብሔር ያበርታችሁ፣ ልጆቼ!»

ሠራተኛን ሳያበረታቱ ማለፍ ነውር ነው፤ ሲያበረታቱት ዝም ማለት ደግሞ የባሰ ነውር። ይህን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አፏ ቀደማት።

«አብሮ ያበርታን።»

የልጃቸውን ድምፅ እንዴት ይሳቱት! ጎረቤቱም ሁሉ ቆሞ ያያል።

«ሚልካ?»

«አቤት፣ አባዬ።»

ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ጥያቄ ነው። «ለዚህ ስንት ይከፍሉሻል?»

አንገቷን ደፋች። «እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ይከፈልዎ ከነበረው ይበልጣል።»

«እኔ እኮ እንደኔ እንዳትቀሪ ብዬ ነው ያስተማርኩሽ…» አሉና አልጨረሱትም። «በይ ጠጪ፤ ውኃ ጠጪ» ብለው ጆጉን ሰጥተዋት ገቡ።

የዚያ ዘመን ዜና የዘገበው የተነጠፈውን መንገድ ርዝመትና ሥራ ያገኘውን ወጣት ብዛት ነው፤ ሐሰት አይደለም፤ መንገዱም ተነጥፏል፣ ሥራውም ተገኝቷል። ሚልካም ኋላ ቢሮ ገብታለች፤ ደመወዟ ድንጋይ ስትጠርብ ከምታገኘው ያነሰ ነበር፤ አቶ ይገዙም ያን ጊዜ በግ አልጣሉም። እስኪሞቱ ድረስ፣ ከቤት በወጡ ቁጥር ልጃቸው ተንበርክካ የደረደረችውን ድንጋይ ትተው፣ በአጥሩ ሥር ጭቃውን እያቦኩ ይሄዱ ነበር፤ ሰው ሲጠይቃቸውም «ድንጋዩ ያዳልጠኛል» ይሉ ነበር።