የዘማሪ ማናሴ አሟሟት

ዘማሪ ማናሴ እሁድ ማለዳ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ቴምቢሳ ውስጥ በሚሠራበት ሱቅ ጓዳ፣ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ጫማው እግሩ ላይ ነው። ደረቱ ብራንዲ ብራንዲ ይሸታል፤ ጎኑ ላይ ግማሽ የቀረው ጠርሙስ ተጋድሟል። ፖሊስ መጥቶ ፎቶ አነሳ፤ የተወጋም የተመታም ምልክት የለም ብሎ ጻፈ፤ አስከሬኑን ይዞ ሄደ። ወሬው ግን አልሄደም። ሰኞ ረፋድ ላይ «ዘማሪው ሰክሮ ሞተ» የሚለው ነገር ሀበሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ ጻካኔም አይቮሪ ፓርክም ደርሶ ነበር።

ሽጉጤ ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ ጄፒ መንገድ ላይ መጋረጃ ይሸጣል። ከዚያ በፊት ሆሳዕና ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የወንጀል መርማሪ ስለነበር ሰዉ ዛሬም «ሳጅን» ይለዋል። የሰው ጓዳ መበርበር ሰልችቶት ነበር ከሀገር የወጣው፤ የሰው ጓዳ ግን እዚህም ድረስ እየመጣ ያንኳኳበታል።

«ሳጅን፣ ጉድ ሆነናል» አሉት ማናሴ የሚዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ዓብዩ፣ በተሰቀሉት መጋረጃዎች መሐል ሾልከው ገብተው። «ትናንት ለአባቱ ደወልን። ወንጌላዊ ለማን መቼም ታውቃቸዋለህ።»

«አውቃቸዋለሁ። ምን አሉ?»

«አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ‹ጠጥቶ ነበር ወይ?› አሉ። ዝም አልን። ‹እንግዲያው እዚያው ቅበሩት፤ ወደዚህ እንዳታመጡብኝ› ብለው ዘጉት።»

ሽጉጤ ሜትሩን ጠቅልሎ አስቀመጠ። «ልጁ ይጠጣ ነበር?»

«እኔ እስከማውቀው ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ግን ቦርሳ አዝለው ዓለም የሚዞሩ የአዲስ አበባ ባልና ሚስት መጥተው ነበር። ቅዳሜ ሌሊት ጭፈራ ቤት ይዘውት ሄዱ። ያጠጡት እነሱ ናቸው፣ የሆነ ነገርም ጨምረውበታል ይባላል። ነገ ከሰዓት የሀገራችን ሰዎች ማኅበር ተሰብስቦ እዚሁ ይቀበር ወይስ ይላክ የሚለውን ይቆርጣል።»

«እናቱስ?»

«እሳቸው መስማታቸውን እንኳ አልጠየቅንም» አሉ ዓብዩ። ከማኅበሩ መሐል «እንዲህ ያለ ሬሳ መላክ አያሳፍረንም ወይ?» ብለው መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ስለነበሩ ሽጉጤን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

አስከሬን ማቆያው ውስጥ ሐኪሟ ቸኩላ ነበር። «የሞተው ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ ሳንባው የአስም በሽተኛ ሳንባ ነው። የአልኮሉ ምርመራ ወራት ይፈጃል» አለቻቸው። ሽጉጤ የማናሴን ቀኝ እጅ ገልጦ አየ። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል፤ ቁስሉ ውስጥ አረንጓዴ የቀለም ፍርፋሪ ተጣብቋል። ጫማዎቹን ገለበጣቸው፤ ተረከዛቸው ከኋላ በኩል ሲሚንቶ ላይ እንደተጎተተ ተፍቋል። ስልኩ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ባትሪው አልቋል። ዓብዩ ፈርመው ዕቃውን ተረከቡ፤ ሽጉጤም ስልኩን መኪና ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰካው።

ሱቁ በአንዲት የዙሉ አሮጊት ግቢ ጥግ ላይ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። የብረት በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ በውጭ በኩል አረንጓዴ ተቀብቷል፣ በውስጥ በኩል ግን ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ ዝገቱን አውጥቷል። ከማናሴ ጋር የሚሠራውና የሚያድረው ማርቆስ የአጎቱ ልጅ ነው። ወላጆቹ ሲሞቱ ወንጌላዊ ለማ ወስደው ከልጃቸው እኩል አሳድገውታል። አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ነው፤ አነጋገሩም አለባበሱም ሥርዓት ያለው።

«ቅዳሜ ሌሊት እንዴት ነበር?» አለው ሽጉጤ።

«ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ መጣ። ከደጅ ደወለልኝ፣ ከፈትኩለት። እየተንገዳገደ ገብቶ ተኛ። የት እንዳመሸ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ሳጅን። ጠዋት ልቀሰቅሰው ብል...» አለቀሰ። እንባው የምር ነበር።

«ከመሸ በኋላ ለሰው ትከፍታላችሁ?»

«ኧረ ለማንም! እዚህ እኮ ወንድምህን ሽጉጥ ደግነውበት ‹ክፈት በለው› ያስብሉታል። ድምፅ አናምንም። ምልክት አለን፤ ሦስቴ፣ ከዚያ ሁለቴ፣ ከዚያ አንዴ ማንኳኳት። ሌባ ከያዘው አዛብቶ ያንኳኳል፤ ያን ጊዜ አይከፈትም።»

አንዲት ሴት «ሳውቦና» ብላ ሰላምታ ሰጥታ በሱቁ ፍርግርግ በኩል ላምባ ጠየቀች። ማርቆስ ከጀሪካኑ ቀዳላትና ክዳኑን አጠበቀ፤ ወሬውን ሊቀጥል ሲል እንደገና ዞሮ አጠበቀው። ሽጉጤ በዚህ መሐል ጓዳውን አየ። ፖሊስ ከቁም ነገር ያልቆጠረው የብራንዲ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ቆሟል፤ ክዳኑ ጠብቋል። ከአልጋው ራስጌ፣ ተኝቶ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ የማናሴ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ፓፉ፣ ተቀምጧል።

«ጠርሙሱን ነካክተኸዋል?»

«ከአልጋው ላይ ያነሳው ፖሊስ ነው። እኔ በእጄም አልነካሁት።»

ከዚያ ሽጉጤ ወደ ማቦኔንግ፣ ባልና ሚስቱ ወዳረፉበት የተጓዦች ማደሪያ ወረደ። አንዱዓለምና ፀገነት ሰባት ዓመት ሙሉ ቤታቸውን በቦርሳ አዝለው ከሀገር ሀገር ሲዞሩ የከረሙ ናቸው። ከባንኮክ የሌሊት ገበያ እስከ ዛንዚባር ዳርቻ ያልበሉት ምግብ፣ ያልገቡበት ጭፈራ ቤት የለም፤ ያዩትን ሁሉ እየቀረጹ ለሀገራቸው ሰው ያሳያሉ። ያን ቀን ግን ሶፋው ላይ ተጣብቀው የተቀመጡት አስተማሪ እንደጠራቸው ተማሪዎች ነበር።

«ዓርብ ዕለት ጄፒ ላይ መንገድ ጠፍቶን አገኘን» አለች ፀገነት። «ገበያውን አዞረን፣ የማዕድን ሠራተኞቹን የቦት ጫማ ጭፈራ አሳየን። የሌሊቱን ከተማ ማየት እንፈልጋለን ስንለው ግን ‹እኔ ዘማሪ ነኝ› አለ። ለመንነው።»

«ቅዳሜ ሺሳ ኛማ የሚሉት ጥብስ ቤት ወሰደን፣ እዚያው ቴምቢሳ» አለ አንዱዓለም። «ሥጋው ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ አማፒያኖ የሚሉት ሙዚቃቸው ይጮኻል፣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶ ይጨፍራል። እሱ ‹እንዳትዘረፉ ብዬ ነው› እያለ ዝንጅብል ሶዳውን ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። አንድ ዘፈን ላይ ግን አላስቻለውም፣ ጋሼ። የሀዲያን ጭፈራ በአማፒያኖ አስነካው! ሰዉ ክብ ሠርቶ አጨበጨበለት። እንደዚያ ሲስቅ...»

«ቀረጻችሁት?»

ፀገነት ባሏን አየችው።

«ፊቴ እንዳይታይ ብሎ ለምኖን ነበር» አለች ፀገነት።

«እኔ ነኝ» አለ አንዱዓለም። «በቀጥታ ለቀቅኩት። ተመልካቹ እየጨመረ ነበር፣ ማቆም አቃተኝ። ኢንተርኔቱን እንኳ ከሱ ስልክ ነው የወሰድኩት። በመጨረሻ እኛን የሚወስድ መኪና ሲጠራልን ባትሪው አለቀ፤ መኪናው ሲመጣ ስልኩ ጠፍቶ ነበር። ‹ሱቁ ቅርብ ነው፣ በእግሬ እሄዳለሁ› አለን። ያስለው ነበር። እኛ መኪና ውስጥ ገብተን ሄድን።»

ፀገነት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «ሰባት ዓመት ስንዞር እንደዚያ ሌሊት ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ደስ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል።»

ሽጉጤ ቀረጻውን በሙሉ አየው። ማናሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ የያዘው ያንኑ ሶዳ ነው።

ወደ ቴምቢሳ ሲመለስ የግቢዋ ባለቤት ዘንድ ገባ። አሮጊቷን ሁሉም «ጎጎ»፣ አያቴ ይላታል። በተሰባበረ ዙሉኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያዋራት ጠረጴዛውን በጣቷ መታች፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሌሊት የሰማችው ይህንን ነበር። «ሁልጊዜ የሚያንኳኩት ነው» አለችው። «የሱቁ መብራት በራ። ከዚያ ጠፋ። ማንኳኳቱ ግን ቀጠለ፣ በኋላ እየደከመ ሄደ። እኔም ፈርቼ አልወጣሁም፣ ልጄ።»

የመጨረሻዋ ኤርጎጌ ነበረች፣ አይቮሪ ፓርክ የምትሠራው የማናሴ እጮኛ። በስልክ ስታናግረው ድምፅዋ የሚሰማው በጭንቅ ነበር። «ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አየሁት። በንዴት ተቃጠልኩ። ለማርቆስ ላክሁለት።»

«ነገ ያንን ስልክ ይዘሽ ነይ» አላት።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ማኅበሩ ከመሰብሰቡ በፊት፣ ዓብዩ፣ ማርቆስ፣ ኤርጎጌና ባልና ሚስቱ ሱቁ ውስጥ፣ ለፓፕ ገንፎ በሚሆን የበቆሎ ዱቄት ከረጢቶች መሐል ተሰበሰቡ። ጎጎም ወንበሯን ይዛ መጥታ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ማርቆስ ባልና ሚስቱን እያየ «እነዚህን እዚህ ምን አመጣቸው?» አለ።

«አጠጡት ስለተባለ ነው» አለ ሽጉጤ። «እስቲ ከመጠጡ እንጀምር። በቀረጻቸው ሁሉ ማናሴ ሶዳ ነው የሚጠጣው። እሺ፣ ከተለያዩ በኋላ ጠጣ እንበል። ሰክሮ፣ መጠጡን ደረቱ ላይ ደፍቶ፣ ትንፋሽ አጥሮት የሚሞት ሰው የጠርሙሱን ክዳን መልሶ አያጠብቅም። ጠርሙሱ እንደተገኘ ነው ብለኸኛል፣ ማርቆስ። ፎቶውን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አይቻለሁ፤ አልጋው ላይም ክዳኑ ጥብቅ ነበር። ይህ ዕቃ እንዳይፈስ ሲጠነቀቅ የኖረ የባለሱቅ እጅ ነው።»

«ባለሱቅ እኮ ማናሴም ነው!»

«ነበር። አስመኛም ነበር። ፓፉ ከራስጌው አንድ ክንድ አይርቅም። አልጋው ላይ ሳለ ትንፋሽ ቢያጥረው እጁ መጀመሪያ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የሞተው አልጋው ላይ አይደለም። የጫማው ተረከዝ እንደሚለው ከሞተ በኋላ ወደ አልጋው ተጎትቷል። ከየት? አንጓው ውስጥ አረንጓዴ ቀለም አግኝቻለሁ። ይህ በር አረንጓዴ የሆነው በውጭ በኩል ብቻ ነው። ቆዳው እስኪላጥ ድረስ ከደጅ አንኳኩቷል።»

ኤርጎጌ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ደውሎልኝ ከፈትኩለት አልከኝ» ብሎ ሽጉጤ ቀጠለ። «ስልኩን ቻርጅ አድርጌ አየሁት። የመጨረሻው ጥሪ ሰባት ከአርባ ላይ፣ ለመኪናው ሹፌር ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልበራም። ስለዚህ የቀረው ማንኳኳት ብቻ ነበር፤ አንኳኳም። ሌባ ይዞት ነው እንዳልል ምልክቱ ትክክል ነበር፤ ጎጎ በጣቷ አሳይታኛለች። ተኝተህ አልሰማህም እንዳልል ደግሞ መብራቱ በርቷል። ከዚያ ጠፍቷል። ኤርጎጌ፣ ቪዲዮውን ስትልኪለት ምን ብለሽ ነው?»

«‹ወንድምህን እየው፣ አዋረደን› ብዬ» አለች እያለቀሰች።

«እሱስ ምን መለሰልሽ?»

ስልኳን አወጣች። ለማንበብ ሞክራ አቃታትና ለዓብዩ ሰጠቻቸው። ዓብዩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «‹ዛሬ ደጅ ያድራታል። ይማር።›»

ማርቆስ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ይሞታል ብዬ አላሰብኩም» አለ። «ትንሽ ብርድ ቢመታው ልብ ይገዛል ብዬ ነው። ፓፉን ሳይዝ እንደወጣ አላየሁም። ማንኳኳቱን ሲያቆም ወደ ጓደኞቹ ሄደ ብዬ ተኛሁ። ጎህ ሳይቀድ በሩን ወደ ውጭ ስገፋው ከበደኝ። እሱ ተደግፎት ነበር።»

«ብራንዲውስ?» አሉ ዓብዩ።

«ማዶ ካለው መጠጥ ቤት ገዛሁ። ጠጥቶ ሞተ ከተባለ ስለ በሩ የሚጠይቅ አይኖርም ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ያፍርበታል፣ ዝም ይላል ብዬ።»

ግምቱ ትክክል ነበር። ሁሉም አፍሮበት ነበር፤ ዝምም ብሎ ነበር። ይህን ዓብዩ አወቁት፣ ባልና ሚስቱም አወቁት፤ ክፍሉ ውስጥ እርስ በርሱ የሚተያይ ሰው ጠፋ።

«አሁን ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን» አለ ሽጉጤ። «መጀመሪያ ግን ለአባቱ ደውል። ሁላችንም እንስማ።»

ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«አባባ» አለ ማርቆስ። «ማናሴ ጠጥቶ አልነበረም። ዋሽቼ ነው።»

«ታዲያ ልጄ በምን ሞተ?»

«ደጅ ላይ አስሙ ተነስቶበት። እኔ ውስጥ ነበርኩ። አንኳኳ፣ አልከፈትኩለትም።»

ወንጌላዊ ለማ በልመና ድምፅ «ፈርተህ ነው አይደል?» አሉት። «ያ ሀገር ሌባው ብዙ ነው ይላሉ። ሌባ መስሎህ ነው፣ አይደል ልጄ?»

ማርቆስ ቀና አለ። «አዎ» ቢል ሽጉጤ እንኳ ለእኚህ አባት ሲል አፉን ይዘጋ ነበር።

«አይደለም አባባ። እሱ መሆኑን አውቄያለሁ። ሲጨፍር አይቼ አፍሬበት ነው።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«እኔም እዚያው ቅበሩት ያልኩት አፍሬ ነው» አሉ ወንጌላዊው። «ልጄን ላኩልኝ።»

ከኋላቸው የእናትየው ድምፅ «ማን ነው የደወለው?» ሲል ተሰማ። ወንጌላዊው ሳይነግሯት ስልኩን ዘጉት።