መቶ አሥራ አራተኛው ብየዳ

ይህ ታሪክ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ቀድመው ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ... አሁን ግን አልስቅም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ባሕር ላይ። ጨለማ የለ፣ ማዕበል የለ። ፀሐይዋ የመርከቧን ወለል አግላው፣ በጫማ እንኳ ይፋጃል።

እኔ የብየዳ ተቆጣጣሪ ነኝ። መርከባችን ላይ የብረት ቱቦዎች እርስ በርስ ይበየዱና በመርከቧ ጅራት በኩል እየጎበጡ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ።

ቱቦው ሁለት ጊዜ ይጎብጣል። ከመርከቧ ሲወርድ ላይኛው ጎኑ፣ እኛ ጀርባው የምንለው፣ ይለጠጣል። ታች አሸዋው ላይ ሊተኛ ሲል ደግሞ በተቃራኒው ይጎብጣል፤ ሆዱ ይለጠጥና ጀርባው ይጨመቃል።

ስንጥቅ አፉን የሚከፍተው በተለጠጠው በኩል ነው። በተጨመቀው በኩል ይዘጋል። ይህቺን የማያውቅ ሰው እኛ ጋ አይቀጠርም።

የዚያን ቀን ጠዋት መቶ አሥራ አራተኛው ብየዳ ጀርባው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘሁ። ቱቦው ቀጥ ብሎ እያለ ለካኋት፤ ከተፈቀደው በታች ናት። ደንቡ ግን «ከጎበጠ በኋላ ድገመው» ይላል።

አለቃዬ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። እኔም «ታች ስትደርስ ትጨመቃለች፣ ትዘጋለች» ብዬ ፈረምኩ።

አልደገምኩትም። እስከ ዛሬ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ የተኛውን ቱቦ ለማየት ጠላቂው በክሬን ቅርጫት ወረደ... ጠላቂው ታናሽ ወንድሜ ነው። ልጅ እያለ ከውሃ አልወጣም እያለ ስላስቸገረ ቤተሰቡ ሁሉ «ዳክዬ» ይለዋል። ከቤት ስንወጣ እናታችን እጄን ይዛ «አደራህን፣ ታላቁ አንተ ነህ» ብላኛለች።

ሬዲዮው አጠገብ ተተክዬ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ መቶ አሥራ አራት ጋ ደርሻለሁ።»

«እሺ ዳክዬ። ምን ይታይሃል?»

«ስንጥቅ አለ።»

የሬዲዮውን መነጋገሪያ ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«ሆዱ ላይ ነው?»

«አይ... ጀርባው ላይ።»

«አይሆንም። እዚያ ጋ ጀርባው ተጨምቋል። መዘጋት አለበት።»

«ጣቴ ይገባል እያልኩህ፣ ጋሼ!»

ቱቦው ውስጡ ባዶ ነው፤ ከአየር በቀር ምንም የለበትም። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ቢኖር እስካሁን ውሃ ሞልቶት ነበር።

«ውሃ እየገባ ነው?»



«አይገባም። አፉ ድረስ ይመጣና ይቆማል።»

ወደ አለቃዬ ዞር ብዬ «አውጡት!» አልኩት። እሱ ቱቦው ውስጥ ውሃ መግባቱን የሚያሳየውን መለኪያ በእጁ ይዞ እያየ «ረጋ በል፣ ቱቦው ደረቅ ነው። ልጁ ሥራውን ይጨርስ» አለኝ።

«ጋሼ...»

አሁን እያንሾካሾከ ነው።

«ምነው? ለምን ድምፅህን ቀነስክ?»

«እንዳይሰማኝ።»

«ማን?»

«ስተነፍስ ይከፈታል። ትንፋሼን ስይዝ ይዘጋል... ቆይ፣ ልያዝ።»

ሬዲዮው ጭጭ አለ። አንድ... ሁለት... እስከ ሃያ ቆጠርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ይዤ ነበር... እሱ ተነፈሰ።»

አለቃዬን ገፍቼ የክሬኑን ሠራተኛ «አንሳው! አንሳው!» እያልኩ ጮህኩ።

«ዳክዬ፣ ውጣ! በእናታችን ሞት!»

«እሺ፣ መጣሁ። ግን እጄ...»

ሬዲዮው ተቋረጠ።

ክሬኑ የጠላቂውን ቅርጫት እየጎተተ ወጣ። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጠው ወንድሜ ቅርጫቱ ላይ ቆሟል። እጁ እጅ ነው፣ እግሩ እግር ነው። ከመርከቧ አየር የሚያደርስለት ጎማ አልተቆረጠም። ነፍሴ መለስ አለች።

ሮጬ አቀፍኩት። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ይቅር በለኝ፣ ሳልደግም ነው የፈረምኩት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

የመጥለቂያ ቆቡ መስታወት ከውስጥ በኩል በእንፋሎት ነጭ ሆኗል፤ ፊቱ አይታይም። ከባሕር ለወጣ ሰው ልብሱ በጣም ይሞቃል። ፀሐይዋ ናት አልኩ።

የጠላቂ ቆብ መቆለፊያው ከማጅራት በኩል ነው፤ ሌላ ሰው ነው የሚከፍተው። እጄን ላክሁ።

ቀጣዩን ብየዳ የሚጠብቀው የቱቦው አፍ ከእኛ አምስት እርምጃ አይርቅም። ድምፁ የመጣው ከዚያ ነው። ከሬዲዮው አይደለም... ከቱቦው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ እየደከመ።

«ጋሼ...»

አለቃዬም ሰማ። መለኪያው ከእጁ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ውስጥ ነኝ... እሱን አትክፈተው።»

እጄን ከመቆለፊያው ላይ አነሳሁ።

ቆቡን ያደረገው ሰው አልተቆጣም። እጄን ቀስ ብሎ ያዘው... ወደ ማጅራቱ መልሶ ወሰደው... ጣቶቼንም አንድ በአንድ መቆለፊያው ላይ አስቀመጣቸው።