ሁለት ቦታ ያለው ቁጥር

ቀያሹ በተተወው የድንጋይ ካባ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። አንገቱ ተሰብሯል። የጨበጠው ጂፒኤስ ግን ጭረት እንኳ አልነካውም፤ መስተዋቱ ላይ «ደርሰዋል» የሚል ጽሑፍ ያበራል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ቁጥሩ ቀያሹ ሊተክለው የተላከው የወሰን ምልክት ቁጥር ነው። ምልክቱ የሚተከለው ግን ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ባለው ጉብታ ላይ ነበር። ጭጋጉ እንደሆነ ዓይን ቢወጉ አያሳይም፤ የካባውን አፍ ቁጥቋጦ ውጦታል።

ካርታ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፤ አለቃው፣ ሹፌሩና ካርታ ሠሪዋ። ካርታ ሠሪዋ የሟቹ ታናሽ እህት ናት። ቁጥሩን መሣሪያው ላይ የሞላችው እሷ ስለሆነች፣ አለቃው «የልጅቷ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ለፖሊስ ነግሮ ጨርሷል። ወንድሟን ሳትቀብር ልትታሰር ነው።

መርፌ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ከካርታው ጋር አስተያየች። አልተዛነፈም። ታዲያ ልክ የሆነ ቁጥር ሰውን እንዴት ገደል ይከታል ብላ ካርታ ሠሪዋን ጠየቀቻት።

«ቁጥር ብቻውን ቦታ አይሆንም» አለች እህትየው፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «"ከቤት መቶ እርምጃ" ብልሽ፣ የማን ቤት ሳትዪ ትሄጃለሽ? አዲሱ ካርታ የራሱ መነሻ አለው፤ የድሮውም የራሱ። እኔ የሞላሁት በአዲሱ ነው። አሁን መሣሪያው የሚያነበው ግን በድሮው ነው፤ ሰው ቀይሮታል።»

ወንድሟ ምን ሊያደርግ እንደነበርም ነገረቻት። አለቃው ሁለቱን መነሻ ደባልቆ ባሰመረው ወሰን አንድ ሰፈር ሙሉ ሊፈርስ ነው። ቀያሹ ምልክቱን ተክሎ ስህተቱን ለሁሉ ሊያሳይ ነበር።

«መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ልጄ» አለ አለቃው። «ያላለፈበት የለም፤ ማንም ሊነካው ይችል ነበር።»

እውነቱን ነው። መርፌ ወደ ሹፌሩ ዞረች። ሹፌሩ ቀያሹ ስልክ አላነሳ ሲል አለቃው የምልክቱን ቁጥር በመልእክት ልኮለት «ሂድ እየው» እንዳለው አወራ።

«ጉብታው ላይ ወጣህ?»

«የምን ጉብታ፣ እህቴ? እኔ መነሻም መድረሻም አላውቅ፤ ስልኬ ቀኝ ሲለኝ ቀኝ ነኝ። ካባው አፍ ላይ አቆመኝ፤ ወደ ታች ሳይ ሬሳው። አለቃ መሣሪያውን አምጣ ቢሉኝም ፖሊስ ሳይመጣ አልነካሁም።»

መርፌ ስልኩን ተቀብላ ካርታው መሃል አስቀመጠችና ሦስቱንም ዙሪያውን አስቀመጠቻቸው።

«ይህ ስልክ የሚያውቀው አዲሱን መነሻ ብቻ ነው» አለች አለቃውን እያየች። « የምልክቱን ቁጥር ልከውለት ቢሆን ጉብታው ላይ ይወጣ ነበር። የላኩለት ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ በአዲሱ መነሻ የካባውን። ሰውየው ካባ ውስጥ መውደቁን አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው መነሻውን የቀየረው ሰው ብቻ ነው። መሣሪያው ቶሎ እጅዎ እንዲገባና መነሻውን እንዲመልሱት ፈልገዋል። ሹፌሩ ግን ፖሊስ ሳይመጣ አልነካም አለ።»

«ተሳስቼ ልኬለት ይሆናል።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ጋሼ። የተሳሳተ ቁጥር የትም ይወድቃል። የእርስዎ ሬሳው ላይ ነው የወደቀው።»

እህትየው ሳትጠየቅ እርሳስ አነሳች። የምልክቱን ቁጥር ከድሮው መነሻ ወደ አዲሱ ቀየረችው፣ ከመልእክቱ ጋር አስተያየችው፣ ቀና አለች።

«አንድ ሜትር እንኳ አልሳቱም፣ ጋሼ።»

አለቃው ሙያው ሲመሰገን እንደለመደው ፈገግ አለ። ሌሎቹ ሦስቱ አዩት። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።