ከቀይ አፈር እስከ ባሕር

«እዚህ ጋ አንድ ቀን አይበቃንም» አሉ ሜርቪን፣ ጣታቸውን ካርታው ላይ ጫን አድርገው። «የመጀመሪያው ቀን ለዓይንሽ ነው። ካሜራሽን የምታወጪው በሁለተኛው ነው።»

ብራይዲ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። «አባባ፣ ጣትህ እኮ ምድረ በዳው ላይ ነው። ሐይቁ ከዚያ ከፍ ብሎ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ! ካርታው ነው የተሳሳተው።»

ብራይዲ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ከናሬልና ከአያቷ ከሜርቪን ጋር ፖርት ኦገስታ ትኖራለች፤ ባሕሩ የሚያልቅበትና ቀዩ አፈር የሚጀምርበት ከተማ ነው። የጠረጴዛውን አራት ማዕዘን የሸፈነው ካርታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመሩት መስመር መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይወጣል። አያቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በግሬደር ሲደለድሉት የኖሩትን ፒስታ መንገድ ይዞ ካቲ ታንዳ ሐይቅ ይደርሳል። ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ጨው ነው። ዘንድሮ ግን ሩቅ አገር የዘነበ ዝናብ ለወራት በበረሃው ሲጓዝ ቆይቶ እየገባበት ነው። መስመሩ ከዚያ ይመለስና ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ዓሣ ነባሪዎች ከገደሉ ሥር ግልገሎቻቸውን ይዘው እስከሚንሳፈፉበት የባሕር ዳርቻ ድረስ። የሐምሌ ዕረፍት፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ አንድ ፒክአፕ፣ አንድ ካሜራ።

የቀረው የእናቷ ፈቃድ ነበር። ናሬል ዓርብ ማታ ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል ነው የተናገረችው።

«ነገ ቅርብ እስካለው የጨው ሐይቅ፣ እስከ ሌክ ሃርት ደርሳችሁ ተመለሱ። ስትመለሺ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ አነዳዱ እንዴት ነው? ደህና ነው ካልሽኝ ትሄዳላችሁ። እሱን ብጠይቀው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።»

«አሪፍ ነው! አለቀ በቃ!» ብላ ዘለለች ብራይዲ።

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ሜርቪን እያፏጩ ይነዳሉ። ብራይዲ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግራና ቀኙን ዝቅ ብሎ የበቀለውን ባለ ሰማያዊ ቅጠል ቁጥቋጦ ታያለች። መኪና ከመጣ በሩቁ እንደ ነጥብ ይታይና እስኪደርስ ሌላ ወሬ ይጀመራል።

ሰጎን የሚመስሉትን ኢሙዎች ከሩቅ አየቻቸው። አንድ ትልቅ አባት፣ ከኋላው ሰባት ጫጩቶች፣ ጀርባቸው ባለ መስመር፣ አስፋልቱን ሊሻገሩ ነው። አያቷ ፍጥነት እስኪቀንሱ ጠበቀች። አልቀነሱም። ማፏጨታቸውንም አላቆሙም።

«አባባ! ፍሬን! ፍሬን ያዝ!»

ጎማው ጮኸ። ፒክአፑ ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ ከመንገዱ ዳር ጠጠር እየረጨ ቆመ። አባትየው ኢሙ ከመኪናው አፍንጫ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ አያቸው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ እየተጎማለለ ተሻገረ። ጫጩቶቹ እየተደናቀፉ ተከተሉት።

ሜርቪን መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊት ለፊታቸውን ያያሉ።

«ምን ነበር?» አሉ በዝግታ።

ብራይዲ ወደ አያቷ ዞረች። የመጨረሻዎቹ ጫጩቶች ገና ከመስታወቱ ፊት አላለፉም ነበር።

ሌክ ሃርት እስኪደርሱ አያቷ ቀስ ብለው ነዱ፤ እሷም ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «ግራ ያዝ፣ አዎ፣ እንደዚያ» እያለች መራቻቸው።

ከመኪናው ወርዳ ጥቂት እንደተራመደች ግን ፍርሃቷ ራሱ ከላይዋ ተገፈፈ። ጣት የማታሰጥም ውሃ በነጩ ጨው ላይ ተነጥፋለች። ሰማዩ በሙሉ፣ ከነደመናው፣ ከእግሯ ሥር ወርዷል። የት ጋ ምድር አልቆ የት ጋ ሰማይ እንደሚጀምር የሚያሳይ አንዲት መስመር የለም። በሩቅ የጭነት ባቡር አለፈ፤ አንዱ ባቡር ከላይ፣ ሌላው ተገልብጦ ከታች፣ ጎማ ለጎማ ተያይዘው። ድምፁ የደረሰው ካለፈ በኋላ ነው። ካሜራው አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ረሳችው።

«ይሄ እኮ ትንሹ ነው» አሉ ሜርቪን ከኋላዋ። «ያኛው፣ ካቲ ታንዳ፣ ሲሞላ ዳር የለውም። ፔሊካኖች፣ እነዚያ ትልልቅ የውሃ ወፎች፣ ከባሕር ተነስተው፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው ይመጣሉ። ውሃ መግባቱን ማን እንደሚነግራቸው እስካሁን የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ግሬደሩን አጥፍቼ ቁጭ ብዬ ሲወርዱ አየሁ። ምሳዬንም አልበላሁ።»

«አባባ፣ ኢሙዎቹን አላየሃቸውም፣ አይደል?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው አሻሹት። «መሃሉ ጠፍቶብኛል። ሌንስ ላይ አውራ ጣት አርፎበት እንደሚደበዝዘው። ዳር ዳሩን አያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና ወዲህ።» ከዚያ ድምፃቸው ፈጠን አለ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። አሁን እንደመጣነው እንሄዳለን። አንቺ ዓይን፣ እኔ እጅ። ለእናትሽ ምንም አንነግራትም። የዘንድሮው የካቲ ታንዳ ውሃ ካለፈ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሚመለስ አላውቅም፤ እኔ ግን አልደርስበትም። አንቺ ስታይው ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ብራይዲም ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር። ፔሊካኖቹን፣ ዓሣ ነባሪዎቹን፣ እነዚያን አሥራ ሁለት ቀናት ከአባባ ጋር። ማታ እናቷ ስትጠይቃት «ደህና ነው» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። አንድ ቃል።

ሜርቪን ኮፈኑ ላይ ያስቀመጡትን የመኪናውን ቁልፍ ለማንሳት እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ከቁልፉ አንድ ስንዝር አልፎ ባዶውን ብረት ዳሰሰ።

ብራይዲ ቁልፉን ቀድማ አነሳችው። ኪሷ ከተተችው።

«ብራይዲ።»

ፒክአፑ ጣሪያ ላይ ወጥታ ስልኳን ወደ ላይ ዘረጋች። ኔትወርኩ ሁለት መስመር አሳየ።

«እማ፣ ደህና ነን። ግን መጥተሽ ውሰጂን። አባባ መንዳት የለበትም… አዎ። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።»

ስትወርድ አያቷ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ይህን አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼበታለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አንዲት በግ እንኳ ገጭቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።» ይቅርታ ግን አላለችም።

ሳንድዊቹን ተካፍለው በሉ፤ ሻዩን ከአንድ ክዳን ተራ በተራ ጠጡ። ፀሐይ ዝቅ እያለች ሄደች።

«ዳሩ ሮዝ ሆኖብኛል» አሉ ሜርቪን ድንገት። «መሃሉስ?»

ብራይዲ ካሜራዋን ወደ ዓይኗ አንስታ ነበር፤ መልሳ አወረደችው። አጠገባቸው ጨው ላይ ተቀመጠች።

«መሃሉ ገና ነጭ ነው። ቆይ… አሁን ከሥሩ የሆነ ወይን ጠጅ ነገር እየመጣ ነው። ደመናው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውሃው ውስጥም አለ፣ የባሰ እዚያ ያበራል። አባባ፣ ብርሃኑ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ወደኛ እየመጣ ነው!»

«ቀስ በይ፣ ቀስ። ግራውን ንገሪኝ።»

ግራውን ነገረቻቸው። ቃል ሲያጥራት ይጠብቋታል፤ ስታገኝ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

የናሬል መኪና ሲመጣ ሜርቪን ድምፁን ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናትሽ በሐምሌ ፈቃድ ታገኛለች?»

«እንጃ።»

«ፒስታ ላይ መንዳት አትችልም። ስትደነግጥ ፍሬን ላይ ትቆማለች።»

«አስተምራታ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እኔን የሰማችው?»

ብራይዲ ወደ መኪናው ሮጠች። እናቷ ፊቷ ገርጥቶ፣ አፏን ለቁጣ አዘጋጅታ ወረደች። ብራይዲ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላትና እጇን ይዛ ጎተተቻት።

«እማ፣ ከመናገርሽ በፊት ነይ። እዚህ ቁሚ።»

ናሬል ቆመች። ለመናገር የተከፈተው አፏ እንደተከፈተ ቀረ። የመኪናዋን በር አልዘጋችውም፤ የበሩ ማስጠንቀቂያ ከኋላቸው ይጮኻል፣ እሷ ግን አልሰማችውም።

በሐምሌ እሷ እየነዳች እንድትወስዳቸው የሚለው ልመና የብራይዲ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብራይዲ ዋጠችው። ከእናቷ ጎን ቆማ፣ እስኪበቃት ድረስ እንድታይ ተወቻት።