ባሩድ ሳይሰማ የማይቆመው ፈረስ

በዱካላ ሜዳ፣ በሐጅ ቡሻይብ ቤት ሐዘን መጥቶ አይመለስም ነበር፤ መጥቶ ይቀመጣል እንጂ! መጀመሪያ ሚስታቸው አረፉ። ቀጥሎ በቅሏቸው ሞተች። ከዚያ የራሳቸው ደረት ታመመ... ከሁሉ የከፋው ግን የሚሉድ ነገር ነው። የዓይናቸው ብሌን፣ አንድዬ ወንድ ልጃቸው ሚሉድ፣ በዓመቱ በዓል ላይ ከጓደኞቹ ቀድሞ ተኮሰ! ፈረሰኞቹ በአንድ መስመር ጋልበው፣ መሪያቸው "ተኩሱ!" ሲል ጥይት የሌለበትን ባሩድ እንደ አንድ ጠመንጃ ማሰማት ሲገባቸው፣ ሕዝቡ ሁለት ድምፅ ሰማ። መሪው ደግሞ ማን ነበሩ? ራሳቸው ሐጅ ቡሻይብ! "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!" አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ አልተመለሰምም። ሰው ለአንዲት ተኩስ ልጁን ያባርራል? ዱካላ ውስጥ ያባርራል፤ ጎረቤትም ደግ አደረጉ ይላል።

የቀሯቸው ሴት ልጃቸው ዳውያና ፈረሳቸው መስዑድ ብቻ ነበሩ። መስዑድን በገዛ እጃቸው ነው ያሠለጠኑት። የፈረሰኞች መሪ "ተነሡ!" ብሎ ሲጮህ ይፈተለካል፤ የሚቆመው ባሩድ ሲሰማ ብቻ ነው። ልጓም ቢጎተት፣ ቢለመን፣ ቢረገም ወይ ፍንክች! ሐጁ ይኮሩበት ነበር። እኔ ግን ያ ፈረስ ግትርነቱን ከማን እንደተማረ ለማወቅ ብዙ አልተመራመርኩም።

አንድ ቀን የደረታቸው ሳል ጠናባቸው። ዳውያ ጋሪው ላይ ፍራሽ አንጥፋ መስዑድን ጠመደችው። ሐጁ ይህን ሲያዩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

"መስዑድን? የሽንኩርት ነጋዴ ፈረስ አደረግሽው?"

"ወይ ጋሪው ወይ የኔ ጀርባ ነው አባባ። ይምረጡ!"

ጋሪውን መረጡ።

ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ በጎረቤት መንደር ሰርግ ነበር። የሰርጉ ፈረሰኞች ተሰልፈው፣ መሪያቸው "ተነሡ!" ብሎ ጮኸ። ወየው! መስዑድ ጋሪውን፣ ዳውያንና በሽተኛውን ይዞ ቁልቁለቱን ተፈተለከ። ከታች ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ጥልቅ የውኃ ቦይ አለ። ዳውያ ልጓሙን ብትጎትት፣ ብትጮህ ማን ሰምቷት! ያን ጊዜ አንድ ፈረሰኛ ከሰልፉ ተነጥሎ፣ ጠመንጃውን እንደያዘ ከጋሪው ጎን ደረሰ። ሚሉድ ነበር! እንጀራ ፍለጋ እዚያ መንደር ገብቶ ኖሯል።

"ልተኩስ አባባ?"

"ገና ነው! ቁልቁለት ላይ ከቆመ ይገለብጠናል!"

"ቦዩ ደረሰ እኮ!"

"ገና ነው አልኩህ... አሁን!"

ባሩዱ ጮኸ። መስዑድ ቆመ። ጋሪው ቆመ። ሐጅ ቡሻይብ ግን አልቆሙም፤ ከነፍራሻቸው ተወርውረው መንገድ ዳር የተከመረ ጭድ ውስጥ ገቡ።

ሚሉድ እያለቀሰ ጭዱን በተነ። "አባባ! በሕይወት አሉ?"

ከውስጥ ሳል ተሰማ። "ትንሽ... ዘግይተሃል።"

"ያኔ ቸኮልክ ብለው አባረሩኝ!"

"ያኔስ ምን አስቸኮለህ?"

አቤት ጥያቄ! ያን ሁሉ ዘመን ጠይቀውት አያውቁም።

"ኮርቻው ላይ ሲንገዳገዱ አየሁ። የሚወድቁ መስሎኝ ደንግጬ ተኮስኩ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"በሕዝብ ፊት መሪያችን ደከመ ልበል? ወላሂ አላደርገውም!"

ሽማግሌው ከነጭዳቸው ልጃቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ። "ፈረስ ሲደነብር ምን እንዳስደነበረው አያለሁ... ልጄን ግን ሳላይ ፈረድኩበት። ይቅር በለኝ!" ሁለቱም ተንሰቀሰቁ። ዳውያም አለቀሰች፤ ልጓሙን ግን አልለቀቀችም።

ዕጣ ፈንታ ስንቱን ቤት ገደል ሰደደ! ይህን ቤት ግን አዝኖለት ጭድ ላይ ጣለው።

"ልቅሶው ይብቃ፤ ሌላ ሰው ሳይጮህ እንሂድ!" አለች ዳውያ።

ሐጁ ፍራሻቸው ላይ ተመልሰው ተኙ። ሚሉድም ጠመንጃውን እንደገና ባሩድ ሞልቶ፣ እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ከአባቱ ጎን ሳይለይ ጋለበ።