ወደ ግራ የተጠመዘዘ ሽቦ

ጥቅሉ የመምህሩ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ነበር። ልክ የክፍል ጓደኛዋ ሎርና እንዳለችው።

ኮሊን ሃርጅስ የወርክሾፑን በር በጀርባዋ ዘጋች። ስሟ እንኳ የራሷ አይደለም። የስለላ መሥሪያ ቤቷ ኦሃዮ ወዳለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ልኳት፣ በአርባ ዓመቷ የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ሆናለች። ከጎረቤቱ የጦር ሰፈር የተሰረቁ የሞተር ንድፎች የሚሸጡት በዚህ ክፍል በኩል ነው። ሻጩን መለየት የእሷ ፈንታ ነበር።

ጆሮዋ ውስጥ አለቃዋ ተናገረ። የምሥጢር ስሙ «ሬጅስትራር» ነው፤ ቀልዱ የራሱ ነው።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«እንግዲያው መምህሩን እንይዘዋለን።»

«ቆይ።»

የንድፎቹ ጥቅል በአውሮፕላን ሽቦ ታስሯል። ሽቦው ወደ ግራ ተጠምዝዟል።

መምህር ፕሩዊት ተማሪውን ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚያስጠመዝዘው። ወደ ግራ የተጠመዘዘ ያየ እንደሆነ በመቁረጫው ቆርጦ ይጥለዋል። ክፍሉ ውስጥ ግራኝ የሆነችው አንዲት ብቻ ናት።

ሎርና።

ኮሊን አልጀብራ ሁለቴ ስትወድቅ ያስጠናቻት ሎርና። በዚህ ከተማ «ምሳ በላሽ?» ብላ የጠየቀቻት ብቸኛዋ ሰው።

በሩ ተከፈተ።

«ምን ይገትርሻል? ሰዎችሽን ጥሪያቸው እንጂ» አለች ሎርና። «ማን እንደሆንሽ ካወቅኩ ከረምኩ። ፈተና አልቆ ክፍል የማትለቂ አንቺ ብቻ ነሽ። መሄጃ የለሽም።»

ኮሊን ሽቦውን አሳየቻት።

ሎርና አይታ ሳቀች። «ያ ሽማግሌ ስንቴ አስፈትቶኛል መሰለሽ።» ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ተይው፣ የኔ እህት። ምርቃቱ ቅዳሜ ነው። አብረን እንመረቅ።»

ኮሊን ፈለገች። በሕይወቷ አንድም ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም።

«መምህሩን ተዉት» አለች ለአለቃዋ። «እሷ ናት።»

ሎርና አልሮጠችም። ካቴናው ሲመጣ ግራ እጇን አስቀደመች።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮሊን የኮሌጁ መኪና ማቆሚያ ላይ መኪና ውስጥ ተቀመጠች። ከመኪናው እንዳትወጣ አለቃዋ ከልክሏታል። ዲግሪው በሌለች ሴት ስም ስለሆነ ይቀደዳል፤ አልጀብራውን ግን ያለፈችው ራሷ ነበረች።

ድምፅ ማጉያው ስም ይጠራል። የሎርናን ሰርዘውታል። የእሷን መሰረዝ ግን ማንንም ትዝ አላለውም።

«ኮሊን ሃርጅስ።»

ፕሩዊት ነው። በእሷ እንደ ተረፈ አያውቅም። ደግሞ ጠራት።

«ኮሊን ሃርጅስ?»

«አቤት» አለች።

የመኪናው መስኮት ዝግ ነበር።